ገመቹን ከነጠመንጃው ወደ የካ ተራራ ሳደርሰው

አዲስ አበባን አይቼ መጣሁ ብል ውሸት ነው። ያየሁት አንድ ጥጓን ነው፤ እሱንም በጀርባዋ በኩል። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ሠፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ምሽት ምሽት ወንበራቸውን በር ላይ አውጥተው «ብርዱ እውነት አጥንት ይሰብራል? ሰዉስ እንደሚባለው ኩሩ ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ከምደግም ብዬ የሄድኩበትን፣ ያደርኩበትንና የበላሁትን በቅደም ተከተሉ ጻፍኩት። ከእነሱ ብዙዎቹ ከኤረር ወዲያ ተሻግረው አያውቁም፤ ወደፊትም የሚሻገሩ አይመስለኝም።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጤና ረዳት ነኝ። በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ከመጡልን ቁስለኞች መካከል ገመቹ የሚባል ሚሊሺያ ነበር፤ ጭኑን ተመቶ። ከየካ በላይ ካለው የእንጦጦ ተራራ የዘመተ የገበሬ ልጅ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላም የጦር ጓዶቹ ከተማችን ውስጥ ጥበቃ ላይ ስለነበሩ እዚያው ቀረና የሆስፒታሉን በር ይጠብቅ ጀመር። ጦርነቱ ካለቀ ቆይቶ፣ ሚሊሺያው ወደ እርሻው ይመለስ ሲባል ሌላው እየዘፈነ ሲሄድ እሱ ብቻ ዛሬ ነገ ይላል። ጠመንጃውን ያስታጠቀው የአገሩ ገበሬ ማኅበር ስለሆነ ወስዶ በእጁ ማስረከብ ነበረበት። ያን ጠመንጃ ሲተኛ አቅፎት ይተኛል፤ ሲበላ ጉልበቱ ላይ ያጋድመዋል። ሐኪማችን ይህን ሁሉ አይተው፣ «ብቻውን አልለቀውም። ጽጌ፣ የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና ቤቱ ድረስ አድርሺው። ጥይቱን ግን አንቺ ያዢው» አሉኝ። ጥይቱን በመሐረብ ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከሳሙናዬ ጋር ከተትኩት።

እሑድ

ባቡሩ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ፉርጎው ልብስ በልብስ ላይ በደራረቡ ሴቶች ተሞልቷል። የድሬ ሰው የሆነ ሁሉ ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ናቸው። ገመቹን ከነጠመንጃው ሲያዩት ፊናንስ፣ ማለት የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪ፣ መሰላቸው። አንዷ ሳምቡሳ ዘርግታ፣ «ብላ የኔ ጌታ፣ የቤት ነው» አለችው። ሌላዋ ሙዝ አመጣች። ሦስተኛዋ ብርቱካን ልጣ አጎረሰችው። ገመቹ የድሬ ሰው ደግነት ነው ብሎ ሁሉንም ተቀብሎ በላ።

መኢሶ ላይ እውነተኛው ፊናንስ ገባና ከዳር ጀምሮ መፈተሽ ያዘ። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ወደ ገመቹ ዞሩ። «አንተ! ንገርልን እንጂ! ያ ሁሉ ሳምቡሳ የት ገባ?»

ገመቹ አፉ ውስጥ የነበረውን ሙዝ መዋጥም መትፋትም አቃተው። «ሲስተር፣ ምን አድርጌ ነው?» አለኝ። ሲስተር አይደለሁም፤ ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ስለሚለኝ ማረም ትቻለሁ። ነገሩን ሳስረዳ ፊናንሱ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ የሁለት ሴቶች ጥቅል ብቻ ገላልጦ አይቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ለገመቹ መስጠቱን አላቆሙም፤ አሁን ግን ከልባቸው ነበር።

አዋሽ ላይ ወርደን የፍየል ጥብስ በላን። እስከዚያ ድረስ አገሩ የኛው ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ ሙቀት። ሞጆን ስናልፍ ግን በመስኮት የሚገባው ነፋስ ተለወጠ፤ ደብረ ዘይት ላይ መስኮቱን ዘጋሁት፤ ለገሃር ስንወርድ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። እኛ ብርድ የምንለው ታኅሣሥ ላይ አንሶላ የምንደርብበትን ነው። እዚህ ሰው በቀን ካፖርት ለብሶ ይሄዳል፤ ማንም አይስቅበትም።

ያረፍነው ሾላ ገበያ አጠገብ ነው። ጌጤ የምትባል የእህል ነጋዴ አለች፤ የጎረቤቴ እህት ናት፤ ባሏ የሞተባት። «እንኳን ደህና መጣችሁ!» ብላ እጇን ዘርግታ ስትመጣ ጠመንጃውን አየችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጠመንጃ ቤቴ አያድርም። ባሌን የበላብኝ እሱ ነው። ቀበሌ ወስደን እናስቀምጠው።»

«አይሆንም እትዬ» አለ ገመቹ። «የፈረምኩበት ነው። እኔ በረንዳ ላይ አድራለሁ፤ እርስዎ አይቸገሩ።»

ብርዱን አስቡት! ጌጤ እሱን አየችው፤ በረንዳውን አየችው፤ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ እህል መጋዘኗ ይዛው ገባች። የጤፍ ጆንያ ፈትታ፣ «በል ክተተው» አለች። ጠመንጃው እስከ አፈሙዙ ጤፍ ውስጥ ሰጠመ። የጆንያውን አፍ አሰረችና፣ «ይኸው፤ እህል ነው። አንተም ጆንያውን ተደግፈህ ተኛ። እኔ ጠመንጃ አላሳደርኩም፤ አንተም አልተለየኸውም» አለችው። ከዚያ ከቀበሌ በራሽን የምታገኘውን ስኳር አውጥታ፣ ለራሷ ሳታደርግ ለሁለታችን ሻይ ውስጥ ጨምራ አጠጣችን።

ሰኞ

ስነቃ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ወጥቼ ባይ ሠፈሩ በሙሉ ይነዳል፤ በየአጥሩ ሥር እሳት፣ በየመንገዱ ጭስ። ምን እንደሆነ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ገመቹ ከመጋዘኑ ጤፍ የሚረግፍበትን ጠመንጃ ይዞ ወጣና በክንዴ ጎትቶ ግንቡ ሥር ጣለኝ። «ይውደቁ! ሲስተር፣ ይውደቁ!» ያለችኝን አንድ ደህና ቀሚስ ለብሼ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ።

ቀና ስል ጌጤ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ታየናለች።

«ምን ሆናችሁ? ኅዳር እኮ እየታጠነ ነው!»

ለእናንተ ለድሬ ሰዎች ልንገራችሁ። ድሮ በኅዳር ወር በሽታ ገብቶ ከተማውን ጨረሰው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ በሽታው በጭሱ እንዲወጣ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ገመቹ ግን የዚያው አገር ልጅ ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጭሱን አየ፤ ዙሪያውን አየ። «በስመ አብ! ኅዳር ሚካኤል! ልጅ ሳለሁ እኔም አጥን ነበር እኮ» አለና ሳቀ። ሆስፒታላችን ውስጥ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ጥርሱን አይቼለት አላውቅም፤ ፊት ለፊት አንዱ የተሸረፈ መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ። ጌጤ መጥረጊያውን ሰጠችው። ረፋዱን ሙሉ ግቢውን ሲጠርግና ሲያቃጥል ዋለ፤ ጠመንጃው ግን ትከሻው ላይ ነበር።

እኔ ቀሚሴን አጥቤ፣ የጌጤን ጋቢ ተከናንቤ ወደ የካ ሚካኤል ሄድኩ። አብሮኝ የመጣው ገመቹ መሣሪያ ይዞ ቤተ ክርስቲያን አይገባምና ከአጥሩ ውጭ ካለ ጽድ ሥር ቆሞ ተሳለመ። ብዙ ወንዶች ገብተው ሲወጡ እሱ ብቻ እዚያ ቆሞ ሲቀር አሳዘነኝ። «እኔ ልያዝልህና ግባ» ብለው አንገቱን ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ ከጌጤ ጋር በከተማ አውቶቡስ ስንሄድ ደግሞ የራሴ ጉድ መጣ። አጠገቤ ለተቀመጡ ሽማግሌ፣ እንደ ድሬ ልማዳችን፣ «አንተ፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» አልኳቸው። ጌጤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞረው አዩኝና፣ «ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ከድሬዳዋ።»

«እንግዲያው አልሰደብሽኝም» አሉና ጠጋ አሉልኝ። ከዚያ በኋላ እስከምንወርድ ድረስ የድሬን ብርቱካን ዋጋ ሲጠይቁኝ ሄዱ። እንግዲህ ኩሩ ናቸው የሚባለው ይህን ያህል ነው።

ቤት ተመልሰን፣ «ገና ብርሃን አለ፤ ተራራውን እንውጣው» ብለው ገመቹ፣ «ዛሬ የሚካኤል ነው። ነገ ይሻላል» አለኝ። ያች ነገ የምትል ቃሉ እዚህም ድረስ ተከትላን መጥታለች ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ማክሰኞ

ጌጤ የጠመንጃውን አፈሙዝ ቁልቁል አድርጋ ጤፏን እስከ ፍሬዋ አራገፈች፤ በሶ በማር ለውሳ ቋጠረችልን፤ ጋቢዋንም «ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ» ብላ ለእኔ ተወችልኝ። ከየካ ሚካኤል በስተጀርባ ወደ ላይ ያዝን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ። ሽታው ደስ ይላል፤ ሆስፒታላችን ውስጥ ለጉንፋን የምናጥነው ቅጠል በነጻ የበቀለበት አገር ነው። ሽቅብ ስንወጣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል እየወረዱ አለፉን። ጀርባቸው ከመሬት ጋር ትክክል እስኪሆን ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ሸክሙ ከራሳቸው ይረዝማል። እኛ አገር ይህን የሚሸከመው ግመል ነው።

ከሴቶቹ አንዷ ቆም ብላ ከሸክሟ ሥር ቀና አለች። «አንተ የጫልቱ ልጅ አይደለህም? ገመቹ?» ገመቹ ሳይመልስላት ሸክሟን እዚያው ወረወረችና ልብሷን ሰብስባ የመጣችበትን አቀበት ሽቅብ ሮጠች፤ እልልታዋን ከዛፎቹ ወዲያ ሰማነው።

ያን ጊዜ ገመቹ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሲስተር፣ እዚህ ይበቃናል። እንመለስ።»

«ምን ሆንክ? እናትህ እኮ አሁን ትሰማለች!»

«እናቴን አይደለም የፈራሁት።» ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «ከዚህ የዘመትነው ሁለት ነን። ተፈራ ይባላል፤ ጎረቤቴ ነው፤ አብረን ከብት ጠብቀናል። ስንሄድ እናቱ እጄን ይዛ ‹አንተ ታላቅ ነህ፤ አደራህን› አለችኝ። አጠገቤ ነው የወደቀው። አሁን አባቱ አቶ ወልዴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ይሄን የማስረክበው ለእሳቸው ነው። ምን ልበላቸው? ልጅዎን ትቼ ብረቱን ይዤልዎ መጣሁ ልበል?»

ያ ሁሉ ዛሬ ነገ ማለቱ ለምን እንደነበር ገባኝ። መልስ ለማሰብ ግን ጊዜ አላገኘሁም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያፍነኝ የነበረው የተራራው አየር ድንገት ዞረብኝና አፍንጫዬ ይደማ ጀመር። ለቆላ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ሰምቼ ነበር፤ እንደዚያ ይፈሳል ብዬ ግን አልገመትኩም። የጌጤ ጋቢ ቀላ። ልቆም ስል ሚዛኔን ስቼ ዛፍ ያዝኩ።

ገመቹ ዘሎ ተነሣ። ጠመንጃውን በአንድ ትከሻ፣ ቦርሳዬን በሌላው አንጠልጥሎ እኔን በብብቴ ደገፈኝ። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው የወሰደኝ። «ቅርብ ቤት አለ፤ ይበርቱ» ይለኛል። የማን ቤት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በሣር የተከደነ ቤት ነው። አንዲት ጎልማሳ ሴት በሩ ላይ ስታየኝ «ውይ ልጄን!» ብላ ተቀብላ መደቡ ላይ አጋደመችኝ፤ የበግ አጎዛ ከሥሬ አነጠፈች። ስሟ ዘነበች ነው። እኔ ሙያዬ ነውና አፍንጫዬን ይዤ ወደ ፊት ሳጎነብስ እሷ ግንባሬን ይዛ ወደ ኋላ ትደፋኛለች፤ እንዲህ ስንታገል ደሙ ራሱ ሰልችቶት ቆመ። እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እያደረገች ወደ ደጅ አየች።

«ያ ወታደር ለምን አይገባም? ግባ እንጂ ልጄ፣ ብርድ ነው።»

ገመቹ ከአጥሩ ጥግ አልተነቃነቀም። ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ጊዜ እጇ ግንባሬ ላይ ቀጥ አለ። ጩኸት አይደለም፣ ለራሷ እንደምትነግር ያህል ነው፤ «ገመቹ» አለች።

«እትዬ» አለ እሱ።

የተፈራ እናት ቤት መተኛቴ ገባኝና ከመደቡ ተነሣሁ። በዚያው ቅጽበት ባሏ ማጭዱን ይዘው ከእርሻ መጡ፤ ረጅም፣ ሽበታም ሰው። የሴትዮዋን እልልታ ሰምተው ኖሯል። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። መጀመሪያ የተናገረችው ዘነበች ናት።

«ሰዎች መጥተው ተሠውቷል አሉን። ያየ ሰው አልነበረም። እኔም ያየ ሰው ሳላገኝ አላምንም ብዬ ፀጉሬን አልተላጨሁም። አንተ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ተቀብሯል? ወይስ…»

«እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለ ገመቹ። «በሳንጃ ቆፍሬ፣ ግራር ሥር። ቄስ ስላልነበረ አባታችን ሆይ ደገምኩለት። ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመርኩበት። ጭኔን የተመታሁት ድንጋዩን ሳነሣ ነው።»

ያን ቁስል ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ። እንዴት እንደመጣ ግን ያን ዕለት ገና ሰማሁ።

አቶ ወልዴ ማጭዱን አጥሩ ላይ ሰቀሉ። ለመስቀል ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ዞረው፣ «ልጄን አፈር ያለበሰ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ አይቀርም። ግባ» አሉት።

ገመቹ ጠመንጃውን መቃኑ ላይ አስደገፈና ጎንበስ ብሎ ገባ። ዘነበች አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ፤ እኔም ምን አግብቶኝ እንደሆነ እንጃ አለቀስኩ። ጎረቤት ለቅሶውን ሰምቶ መጣ። ወንዶቹ ደጅ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ገቡ። ገመቹን ደጋግመው አስወሩት፤ ግራሩ ምን ያህል ነው፣ ጥላ አለው ወይ፣ ከመንገድ ይርቃል ወይ። እሱ ሲመልስ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ድምፁ እየጠራ ሄደ።

በዚህ መካከል አንዲት ቀጭን አሮጊት እየተንገዳገዱ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ደረሱ። እማማ ጫልቱ ናቸው፤ እናቱ። «ኢልመኮ! ልጄ!» ብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን ዳሰሱ፤ ጎድሎ እንደሆነ የሚፈልጉ ይመስላሉ። የተሸረፈ ጥርሱን ሲያዩ ብቻ «ይሄስ?» አሉ። «ብስኩት ነው እማዬ፤ የጦር ሜዳ ብስኩት» አላቸውና ለቀስተኛው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ክንዱን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዉ ቀለል አለ። ዘነበች ጾመ ነቢያት ሳይገባ ይበላ ብላ አይብና ትኩስ የገብስ ቂጣ አቀረበችልኝ። ብርዱን ሸሽቼ በሩን ልዘጋ ስሄድ ጠመንጃው መቃኑን ተደግፎ እንደቆመ አየሁት።

ረስቶት ሄዷል።

ድንጋጤ ያዘኝና ልጣራ አፌን ስከፍት አቶ ወልዴ ከኋላዬ፣ «ተይው ልጄ። ነገ በጤናው ይመጣል» አሉ። ጤዛ እንዳያገኘው አንሥተው ከበሩ ጀርባ አቆሙት።

ረቡዕ

ገመቹ በማለዳ መጣ፤ ከቀጭን በትር በቀር እጁ ላይ ምንም የለም። «እንቅልፍ ነበር?» ብለው፣ «እናቴ ታንኮራፋለች» አለኝ። «ጠመንጃህስ?» ስለው እጁ ወደ ትከሻው ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኝ ልጽፈው አልችልም። አልሮጠም፤ ከበሩ ጀርባ እንዳለ ሳሳየው በትሩን አስደግፎ ጠመንጃውን አነሣ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮ ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ መፈክር ተጽፏል። ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ደጅ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። አቶ ወልዴ የክት ኮታቸውን ደርበው ነበርና ትናንት የነበሩትን ሰው አልመስል አሉኝ። «ጓድ ገመቹ በዳዳ፣ ማኅበሩ ያስታጠቀህን መሣሪያ አስረክብ» አሉ። አስረከበ። እኔም በተራዬ መሐረቤን ፈታሁ። ጥይቶቹን አንዱ የኮሚቴ አባል አሸተተና፣ «ይሄማ ሽቶ ተቀብቷል» አለ፤ ሳሙናዬ ነው።

ካስረከበ በኋላ ገመቹ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ኪሱ ከተታቸው፤ አወጣቸው፤ ደረቱ ላይ አጣመራቸው። «እንግዲህ መሬቴስ? ለሌላ ተሰጥቷል መቼም» አለ፤ ቁርጡን ያወቀ ሰው ድምፅ ነበር።

አቶ ወልዴ በእጃቸው ጠቅሰውት ወጡ፤ ተከተልናቸው። ከቤታቸው ማዶ፣ ከአንዲት ጅረት ወዲያ፣ ተዳፋት ላይ የደረሰ ገብስ ቆሟል። ነፋሱ ሲነካው ወርቅማው ዛላ አንድ ላይ ይተኛል፤ አንድ ላይ ይነሣል።

«የዘማች መሬት ማኅበሩ ያርሳል ተብሎ ነበር» አሉ። «ማኅበሩ ቢባልም ያረስኩት እኔ ነኝ። የተፈራን ድርሻ ሳርስ ያንተን ዘልዬ ማለፍ አቃተኝ። በየዓመቱ ምርቱን ለእናትህ አስገብቻለሁ፤ ጠይቃት። የዘንድሮውን አንተው እጨደው።»

ገመቹ ገብሱ ውስጥ ገባ። አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ፤ እፍ ብሎ ፍሬውን ወደ አፉ ጣለ።

ሐሙስ

ደቦ ወጣ። ጠዋት መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ በረዶ የዘነበ መስሎኝ ነበር። እጄ ደንዝዞ ነዶ ማሰር አቃተኝና ሴቶቹ ሳቁብኝ። በኛ በኩል ማሽላ ቁመቱ ሰው ያክላል፤ ቆመህ ትቆርጠዋለህ። ገብስ ግን ጎንበስ ያሰኛል፤ ወገብ ይፈልጋል። ገመቹ መጀመሪያ እያነከሰ ከረድፉ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። አጫጆቹ ሳያስነቁት ዘፈኑን አረዘሙትና እሱ እስኪደርስ እዚያው ይመላለሱ ጀመር። ረፋድ ላይ ግን መሪ ሆኖ አየሁት፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል።

ምሳ የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ተልባ፣ የገብስ ቆሎ። ለኛ ሩዝ ለለመድነው ይከብዳል ብዬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ከምሳ በኋላ ማጭድ ጣቱን የቆረጠው አንድ ሰው መጣልኝ፤ ሳስርለት ሌላው ጥርሱን፣ ሌላዋ ጀርባዋን አሳየችኝ። ከነዶው ክምር ሥር ክሊኒክ ከፈትኩ ማለት ይቻላል። ከዚያ ሆኜ ነው አዲስ አበባን ያየኋት፤ ከባሕር ዛፎቹ በታች፣ ከጭጋግ ውስጥ ቆርቆሮዋ ብልጭ ብልጭ ይላል። ትልቅ ናት፤ ግን ጸጥ ያለች መሰለችኝ። ከጫጫታ የራቅሁት እኔ መሆኔን ረስቼ ነው።

ዓርብ

የምመለስበት ቀን ነው። እማማ ጫልቱ ጉንጬን ስመው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ስለነበር መሐሉ ላይ የተቀመጡበትን በርጩማ ወደ ፀሐይ አዞሩት። አቶ ወልዴ ድንች በከረጢት ሞሉልኝ። «በድሬ ሙቀት ሳይበላሽ ይድረስ» አሉ። ዘነበች ደግሞ ተፈራ መቀበሩን ያየ ሰው ስለተገኘ ፍትሐት ይደረግለት ብላ የካ ሚካኤል ካህናት ዘንድ ልትወርድ ነበርና አብረን እንሂድ አለችኝ። ፊቷ በለቅሶ አብጧል፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እንደተኛ ሰው ዓይኖቿ ጠርተዋል።

ገመቹ እስከ ሾላ ሊሸኘኝ ቃል ገብቶ ነበር። ፈልጌ አጣሁት። ሰማዩ ያለ ወቅቱ ደመና አዝሎ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ነዶ ወደ አውድማ በማመላለስ ላይ ነው። እሱን ያገኘሁት ክምሩ አናት ላይ ነው፤ ከታች የሚወረወርለትን እየቀለበ ይደረድራል።

«ገመቹ! መሄዴ ነው!»

«ሲስተር! መጣሁ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ! ይቺን ብቻ ላስቀምጥና…»

ያቺን አስቀመጠ። ሌላ ተወረወረለት፤ ቀለበው። ሌላ። ቆምኩ። ደመናው ቀረበ፤ ከታች ያሉት ፈጠኑ፤ እሱም ፈጠነ። እኔ እዚያ መኖሬን ረሳው። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ስንት ዘመን ቁስሉን ያጠብኩለት፣ እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ደቻቱ ድረስ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰው ነበር። ድንቼን አንሥቼ ከዘነበች ጋር ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

ትንሽ እንደወረድን ድምፁን ከላይ ሰማነው፤ «ኧረ በደንብ ወርውር! እንቅልፍ ላይ ነህ እንዴ?» እያለ አንዱን ይቆጣል። የገበሬ ቁጣ ነው፤ ዝናብ የቀደመው የገበሬ ቁጣ። ከዚያ በፊት በማንም ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም።

ዘነበች ቆም አለች። «ልጥራልሽ?»

«አትጥሪው» አልኳት። «ሥራ ይዟል።»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍብን ወደ የካ ሚካኤል ፈጠን ብለን ወረድን።